ሽምደዳ የማያሻግረው ፈተና

በፓኪስታን በየዓመቱ የካቲት ገደማ ዲግሪ የጨበጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛ ሲቪል ሰርቪስ መግቢያ ፈተና ይቀመጣሉ። ሲ.ኤስ.ኤስ. በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ይህ ፈተና ነገ ወረዳ የሚያስተዳድሩትን፣ በኤምባሲ የሚመደቡትን፣ ፖሊስ የሚመሩትን፣ ጉምሩክና ግብር የሚሰበስቡትን ሰዎች ይመለምላል። ሁሉም ተፈታኝ ከሚወስዳቸው ስድስት የግዴታ ፈተናዎች አንዱ «የፓኪስታን ጉዳዮች» ይባላል። ከ100 የሚታረም፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅና ታሪኩን፣ ሕገ መንግሥቱን፣ ኢኮኖሚውን፣ የውኃውንና የክልሎቹን ጉዳይ፣ የውጭ ግንኙነቱን ሁሉ የሚያነሳ ፈተና ነው። ከፈተናዎቹ ሁሉ ብዙ የሚሸመደድለት ይህ ነው፤ ሽምደዳ ብዙም የማያዋጣውም ይኸው ነው። የአገርን ጉዳይ ለፈተና የሚያጠና ሰው የተሰናዳ መልስ ከመሰብሰብ ይልቅ አገሪቱ ገና ያልቋጨቻቸውን ጥቂት ክርክሮች ከሰነዳቸው ተነስቶ ቢመረምር ለፈተናውም ለሥራውም ይበጀዋል ብዬ እከራከራለሁ። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሠራተኞቹን ለብቃት ምዘና ካስቀመጠ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛን በፈተና መለካት የሚያከራክር የራሳችን ጉዳይ ሆኗል። «ይፈተኑ ወይስ አይፈተኑ» ከሚለው ቀጥሎ «ምን ተብለው ይጠየቁ፣ እንዴትስ ይዘጋጁ» የሚለው መምጣቱ አይቀርም። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሮቹን እንይ። በ2016 ለጽሑፍ ፈተናው ከተቀመጡት 9,643 ተፈታኞች ያለፉት 202 ብቻ ነበሩ። በ2022 የተፈታኙ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ 20,262 ሲደርስ ያለፉት 393 ሆኑ። ተፈታኙ በእጥፍ ሲበዛ የአላፊው መጠን ከመቶ ሁለት አካባቢ ፈቅ አላለም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የፌዴራል ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን በሚያወጣቸው ሪፖርቶች ውስጥ የአራሚዎች አስተያየት ይካተታል፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካም የአራሚዎቹ ቅሬታ ብዙም አይለወጥም። ተፈታኞች ከገበያ መርጃ መጽሐፍ የሸመደዱትን ያሰፍራሉ፤ የተጠየቁትን ትተው የሚያውቁትን ይጽፋሉ፤ ትንተና ግን አይታይም ይላሉ። በእርግጥ ሰው የሚሸመድደው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የፈተናው መርሐ ትምህርት ከ16ኛውና ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ሊቅ ከሼኽ አሕመድ ሲርሂንዲ ይነሳና በ1875 የተቋቋመውን የአሊጋር ኮሌጅ አልፎ ትናንት ሬዲዮ እስከነገረው ዜና ይዘልቃል። ይህን ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ መሸፈን ያለበት ወጣት አካዳሚ በሚባሉት የማስጠኛ ተቋማት የሚሸጠውን ሾርት ኖት ቢገዛ ማን ይፈርድበታል? ኖቱ ሰፊውን ነገር ወደ ዝርዝር ይቀይርለታል። ለእያንዳንዱ ርዕስ አሥር ምክንያት፣ ስምንት ውጤት፣ ሰባት መፍትሔ አለው። ተፈታኙም የተጠየቀው ምንም ይሁን ምን ዝርዝሩን ያራግፋል።

ችግሩ ያለው ፈተናው ራሱ ሁለት ዓይነት ሰው የሚፈልግ መሆኑ ላይ ነው። ሃያው ነጥብ የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ዓመት፣ ስም፣ ቦታ ያስታወሰ ያገኘዋል። ሰማንያው ነጥብ እያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ነጥብ የሚይዙ አራት የጽሑፍ ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ ለአንዱ የሚደርሰው ጊዜ አርባ ደቂቃ አይሞላም። የዝግጅቱ ገበያ ግን ለሰማንያውም የሚያሠለጥነው በሃያው መንገድ ነው። «ለምን» እና «እስከ ምን ድረስ» ተብሎ ሲጠየቅ «መቼ» እና «ስንት» ብሎ የሚመልስ ተፈታኝ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት በአንድ ሰነድ ላይ ጎልቶ ይታያል። በመጋቢት 1940 የመላው ሕንድ ሙስሊም ሊግ በላሆር ያጸደቀው ውሳኔ በዚህ ፈተና ዙሪያ የማይቀር ርዕስ ነው። የሸመደደው ሰው ቀኑን፣ ከተማውን፣ ሰብሳቢው ሙሐመድ አሊ ጂና መሆናቸውን፣ ሐሳቡን ያቀረቡት የቤንጋሉ መሪ ፋዝሉል ሐቅ መሆናቸውን ይዘረዝራል፤ አንድም ስሕተት የለበትም። ሰነዱን ራሱን ያነበበ ሰው ግን ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ «ፓኪስታን» የሚለው ስም በውሳኔው ውስጥ የለም። ሁለተኛ፣ ውሳኔው በሰሜን ምዕራብና በምሥራቅ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው አካባቢዎች ተዋቅረው ነጻ «መንግሥታት» እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ በብዙ ቁጥር ነው የተጻፈው። አንድ አገር የሚለው አቋም የጸናው በ1946 በዴልሂ በተካሄደው የሊጉ ተመራጮች ጉባኤ ነው። ይህን ያስተዋለ ተፈታኝ ከአንድ ገጽ ሰነድ የሃያ ዓመት ክርክር ይመዝዛል። ሙስሊም ሊግ የጠየቀው ከመጀመሪያው የተቆረጠ አገር ነበር ወይስ ለድርድር የቀረበ ጥያቄ? የታሪክ ምሁሯ አየሻ ጀላል በ1985 ባሳተመችው የጂና ጥናት ወደ ድርድሩ ስታደላ፣ እንደ ኢሽቲያቅ ሑሴን ቁረሺ ያሉት ቀደምት ጸሐፊዎች የተለየ አገር ፍላጎቱን ከሩቅ ዘመን ያመጡታል። ተፈታኙ ሁለቱን አስታርቆ መፍረድ አይጠበቅበትም። በማስረጃው አንዱን ይዞ ሌላውን መመለስ ከቻለ ግን አራሚዎቹ የለም ያሉትን ትንተና ጻፈ ማለት ነው።

የምሥራቅ ፓኪስታን መለየት ይበልጥ የሚያስተምር ነው፤ ሽምደዳው የሚያደርሰው ጉዳትም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። በገበያው ኖት ውስጥ የ1971 መለያየት በምክንያቶች ዝርዝር ይቀርባል። የሺህ ማይል ርቀቱ፣ ቋንቋው፣ የኢኮኖሚው አድልዎ፣ የሕንድ ጣልቃ ገብነት፣ የመሪዎች ግትርነት በተርታ ይደረደራሉ። ሁሉም እውነት ናቸው፤ እኩል ጎን ለጎን ሲሰለፉ ግን ምንም አያስረዱም። ርቀቱ በ1947ም ነበረ፤ ታዲያ አገሪቱ ሃያ አራት ዓመት አብራ የቆየችው እንዴት ነው? ነገሩ ትርጉም የሚሰጠው በጊዜ ቅደም ተከተል ሲታይና በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ውሳኔ ሰጪው ማን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በ1948 ጂና ዳካ ላይ የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ ነው አሉ። የካቲት 21 ቀን 1952 ቋንቋቸው ቤንጋሊ ይከበር ያሉ ተማሪዎች ዳካ ውስጥ በጥይት ተመቱ። የ1956ቱ ሕገ መንግሥት ቤንጋሊን የመንግሥት ቋንቋ ብሎ ተቀበለ፤ ጥያቄው በሰላም ሊፈታ ይችል እንደነበር ማሳያው ይህ ነው። ይሁን እንጂ ያው ሕገ መንግሥት ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የያዘችውን ምሥራቅ ከምዕራቡ ጋር በእኩል መቀመጫ ወሰናት፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም የጦር አገዛዝ ጠቅልሎ ጣለው። በታኅሣሥ 1970 ምርጫ የምሥራቁ ፓርቲ አዋሚ ሊግ ከ300 ቀጥተኛ መቀመጫዎች 160 አሸነፈ፤ ብቻውን መንግሥት ሊመሠርት ይችል ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1971 ሊከፈት የነበረው የአዲሱ ምክር ቤት ጉባኤ መጋቢት 1 ላይ ተላለፈ፤ መጋቢት 25 ሌሊት ጦሩ ዳካ ላይ ተሰማራ፤ በታኅሣሥ 16 እጁን ሰጠ። ቀኖቹን አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ተፈታኙ የሚያልፈው ከእነዚህ ውሳኔዎች የትኛው መመለሻ የሌለው እንደነበር መርጦ ሲከራከር ነው። የእኔ ፍርድ የጉባኤው መተላለፍ ነው የሚል ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ወገን አንድ ምክር ቤት ውስጥ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ሌላው 1958 ብሎ ቢሟገት ግን ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይገባዋል።

ሦስተኛው ምሳሌ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። የፓኪስታን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 160 የፌዴራሉን ገቢ ለክልሎች የሚያከፋፍል ብሔራዊ የፋይናንስ ኮሚሽን ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲቋቋም ያዝዛል። ታኅሣሥ 30 ቀን 2009 በጓዳር ወደብ የተፈረመው የኮሚሽኑ ሰባተኛው የክፍፍል ስምምነት እስካሁን እየተሠራበት ነው፤ «በየአምስት ዓመቱ» የሚለው ቃል ተግባር ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ከዚህ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ የሚከፈለው በሕዝብ ብዛት ብቻ ነበር። ሰባተኛው ስምምነት የሕዝብ ብዛትን ክብደት ወደ 82 በመቶ ዝቅ አድርጎ ለድህነት 10.3፣ ለገቢ አሰባሰብ 5፣ ለሕዝብ አሰፋፈር መሳሳት 2.7 በመቶ ሰጠ። ከጠቅላላው የጋራ ገቢ ለክልሎች የሚሄደው 57.5 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከዚያም ውስጥ ፑንጃብ 51.74፣ ሲንድ 24.55፣ ኻይበር ፓክቱንክዋ 14.62፣ ባሉቺስታን 9.09 በመቶ ያዙ። ኖቱ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚያጠናው ሰው ግን ቁጥሮቹን አፋጥጦ ይጠይቃቸው። ባሉቺስታን ከአገሪቱ የቆዳ ስፋት 44 በመቶ ገደማ፣ ከሕዝቡ ደግሞ ስድስት በመቶ አካባቢ ናት፤ 9.09 በመቶ ታዲያ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መንገድ የሚዘረጋው በሰው ቁጥር ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው። በ1952 ሱዊ ላይ የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ለአሠርት ዓመታት የአገሪቱን ኩሽናና ፋብሪካ ሲያንቀሳቅስ የክልሉ ብዙ መንደሮች ግን ጋዝ አላዩም። በተቃራኒው ሲንድ ከካራቺ ወደብ የሚሰበሰበውን ገቢ ጠቅሳ የአሰባሰቡ ክብደት ይጨመር ብትል ምን መልስ ይሰጣታል? በ2010 የጸደቀው 18ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የክልሎች ድርሻ ከቀደመው ስምምነት እንዳያንስ ከለከለ፤ ታዲያ ዕዳ ያጎበጠው ፌዴራል መንግሥት ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ ተፈታኙ ነገ በጀት ክፍል የሚገጥመውን ሥራ ዛሬ ጀመረ ማለት ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት የድጎማ ክፍፍሉን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለ ሰጠ፣ የቀመሩ ጥያቄ በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ነው፤ የሕዝብ ብዛትን፣ የልማት ጉድለትንና ገቢ የመሰብሰብ ጥረትን በየትኛው ሚዛን እናስቀምጥ የሚል ነው።

የውኃው ጉዳይም በዚሁ መንገድ ይጠናል። የ1960ው የኢንደስ ውኃ ስምምነት ምዕራባዊዎቹን ሦስት ወንዞች ለፓኪስታን፣ ምሥራቃዊዎቹን ለሕንድ ሰጠ። በሚያዝያ 2025 ሕንድ ስምምነቱን ማገዷን ስታስታውቅ ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰነድ በአንድ ቀን የዕለት ዜና ሆነ። የ1991ዱ የክልሎች የውኃ ውል ደግሞ አገር ውስጥ ያለውን ክርክር፣ በተለይ የፑንጃብንና የሲንድን፣ ይዟል። ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ስለ ውኃ ምንም ዓይነት ጥያቄ ቢመጣ የሚጀምርበት አያጣም።

እንግዲህ ዝግጅቱ ምን ይመስላል? ተፈታኙ ኮሚሽኑ ለሕዝብ ክፍት ካደረጋቸው የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎች ይጀምር፤ መልስ ሊፈልግባቸው አይደለም፣ ተመላልሰው የሚመጡትን ክርክሮች ሊለይባቸው ነው። ስድስት ወይም ሰባት ይበቁታል፤ የላሆሩ ውሳኔና የአገሪቱ ማንነት፣ 1971፣ የሦስቱ ሕገ መንግሥታት ጉዞ፣ የክልሎችና የፌዴራሉ ገንዘብ፣ ውኃ፣ የጦሩና የሲቪሉ ግንኙነት፣ የዕዳው ኢኮኖሚ። ለእያንዳንዱ አንድ ዋና ሰነድ ከሥሩ ያንብብ፤ የማይስማሙ ሁለት ጸሐፊዎችን ያነጻጽር፤ ከዚያ በአርባ ደቂቃ ጽፎ ለሚተቸው ሰው ያሳይ። የገንዘብ ሚኒስቴር በየሰኔው ከበጀቱ ቀድሞ የሚያወጣው የኢኮኖሚ ዳሰሳ የቅርቡን ቁጥር ይሰጠዋል። ጋዜጣ ማንበብ የዚህ ፈተና ባህል ነው፤ ዶውን የተባለውን ጋዜጣ ሳይዝ የሚዘጋጅ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ጋዜጣውን ቃላት ለመልቀምና ቁጥር ለመገልበጥ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ የርዕሰ አንቀጹ ጸሐፊ ምን እንዳስተባበለና ምን እንደዘለለ እያስተዋሉ ማንበብ ሌላ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ይፈጃል፤ ሰባት ክርክር ብቻ የያዘ ሰው ግን ጊዜው አለው።

መቃወሚያው ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ከባድ ነው። ሳያስታውሱ ማሰብ አይቻልም የሚለውን እቀበላለሁ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ቀኖችና መቶኛዎች በትዝታ ካልተያዙ ክርክሩ አየር ላይ ይቀራል፤ ሃያው ነጥብም አለ። ልዩነቱ ቀኑ ለክርክሩ ሲያዝ መቆየቱ ነው፤ ለራሱ ብቻ የተያዘ ቀን ከፈተናው አዳራሽ ሲወጡ ይጠፋል። ሌላው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፤ አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ድርሰትና ማጠቃለያ ነው፤ «የፓኪስታን ጉዳዮች» ግን ብዙም አይጥልም፤ ስለዚህ ጥቂት ሸምድዶ አርባውን የማለፊያ ነጥብ ማግኘት ይበቃል። ድርሰቱ ብዙዎችን እንደሚጥል እውነት ነው። ግን የድርሰቱ ርዕስ ከየት ይመጣል? ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሴቶች ድርሻ ነው የሚጠየቀው፤ በአንዱ ክፍል ማሰብን ያልለመደ ሰው በሌላው ክፍል ሲጠየቅ ከየት ያመጣዋል? በዚያ ላይ አርባ ለማንም ሥራ አይሰጥም፤ በጠቅላላው አምሳ በመቶ ማምጣትና በክልሉ ኮታ ውስጥ ተወዳድሮ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ፍርሃቱ ነው። ተፈታኙ ስለ 1958፣ ስለ 1977፣ ስለ 1999 መፈንቅለ መንግሥታት ያመነበትን ቢጽፍ አራሚው የመንግሥት ሰው ይሆንና ዋጋ ያስከፍለኛል ብሎ ይሰጋል፤ ስለዚህ በተሰናዳው መልስ ውስጥ ይደበቃል። ፍርሃቱን ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ሆኖም አገልግሎቱ የሚጠይቀው ድፍረት ከፈተናው ይበልጣል፤ አለቃው ሕገ ወጥ ትእዛዝ ሲሰጠው አንቀጹን ጠቅሶ አይሆንም ማለት ያለበት ሰው ነው የሚመለመለው። ደግሞም በማስረጃ የተጻፈ ትችት ከስድብ ይለያል። የጦር አገዛዞቹ ሕገ መንግሥቱን እንዴት እንዳገዱ፣ ፍርድ ቤቶች በምን ምክንያት እንዳጸደቁላቸው፣ የ18ኛው ማሻሻያ ምን እንደመለሰ በሰነድ እያሳየ የጻፈን ተፈታኝ ለመቅጣት አራሚው ራሱ ሰነድ ያስፈልገዋል።

የእኩልነት ጥያቄው ግን በዝግጅት ስልት ብቻ አይመለስም። ላሆር ያደገ፣ በእንግሊዝኛ የተማረ፣ አካዳሚ የሚከፍል ወጣትና ከባሉቺስታን ጠረፍ የመጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ አንድ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ኮታው በከፊል ይክሳል፤ በመደበኛ ውጤት ብቻ የሚያዘው ቦታ 7.5 በመቶ ሲሆን ቀሪው ለክልሎች የተከፈለ ነው። ቋንቋው ግን እንዳለ ነው። የ1973ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 251 ኡርዱ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የመንግሥት ሥራ ቋንቋ እንዲሆን አዝዟል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2015 ተፈጻሚ ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ሲ.ኤስ.ኤስ. ግን አሁንም በእንግሊዝኛ ነው። ኡርዱ ቢሆንስ? በ2017 ቆጠራ ኡርዱን አፍ መፍቻ ያሉት ሰባት በመቶ ገደማ ስለሆኑ የባሉቹና የሲንዱ ልጅ ያኔም በሰው ቋንቋ ይፈተናል። ይህን ተቃውሞ ያነሳ ሰው ትክክል ነው። ሽምደዳን ለማስቀጠል ሲጠቀምበት ግን አልከተለውም፤ የሾርት ኖቱ ገበያ የሚጎዳው ይህንኑ ድሃ ተማሪ ነው። ሕገ መንግሥቱ፣ የገቢ ክፍፍሉ ስምምነት፣ የውኃው ውል፣ የኢኮኖሚው ዳሰሳ፣ የቀደሙት ጥያቄዎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ አካዳሚው ግን ከወላጁ ኪስ በላይ ነው።

ከተፈታኙ ይልቅ ወቀሳው ወደ ፈታኙ የሚያደላበት ቦታም አለ። ከ2022 ጀምሮ ኮሚሽኑ የተፈታኙን ብዛት ለመቀነስ ሁለት መቶ ምርጫ ጥያቄ ያለበት ቅድመ ፈተና አስገብቷል። የአራሚውን ሸክም ማቅለሉ ተገቢ ነው፤ ግን የሚያስበው ሰው ገና እስክሪብቶ ሳያነሳ የሚያስታውሰው ሰው ቀድሞት በሩን ያልፋል ማለት ነው። እኔ ብሆን በ«ፓኪስታን ጉዳዮች» ፈተና ውስጥ አንዱን ጥያቄ በሰነድ እተካዋለሁ። የሰባተኛው ስምምነት ሠንጠረዥ በገጹ ላይ ይታተም፤ አራቱ ክልሎች ያላቸው ሕዝብና የቆዳ ስፋት ከጎኑ ይቀመጥ፤ ተፈታኙም ለፋይናንስ ሚኒስትሩ በሁለት ገጽ ስምንተኛው ስምምነት ምን ቢቀይር እንደሚሻል፣ የትኛው ክልል እንደሚቃወምና ምን እንደሚመለስለት ይጻፍ። ቁጥሩ ተሰጥቶታልና ሾርት ኖት አይረዳውም፤ ቋንቋው ደካማ ቢሆንም ስሌቱና ምክንያቱ ይታያል። አዲስ አበባም ሆነ ክልሎቻችን ለሠራተኞቻቸው ፈተና ሲያዘጋጁ የመሥሪያ ቤቱን መመሪያ በቃል ከማስወጣት መመሪያውንና አንድ የባለጉዳይ አቤቱታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ወስን፤ ውሳኔህንም አስረዳ» ማለት ይችላሉ።